መልስ፦ ወንጀል ከተበዳዩ አልፎ ማንን ይጎዳል?

ወንጀል የሚጎዳው ተበዳዩን ብቻ ነው ወይስ ሁላችንንም፣ ደንብ የሚጥስስ ሁሉ እኩል ጎጂ ነው ወይ ብለው ጠይቀዋል። በእኔ እምነት ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው በመተማመን ላይ ነው። አንድ ቤት ሲዘረፍ የጠፋው ንብረት ተቆጥሮ ይታወቃል፤ በማግስቱ ግን ጎረቤቱ ሁሉ በበሩ ላይ ቁልፍ ይደርባል፣ እናት ልጇን ሳይመሽ ትሰበስባለች፣ መንገድ ሊጠይቅ ያንኳኳ እንግዳም በበር ቀዳዳ ታይቶ መልስ ሳያገኝ ይመለሳል፤ ይህን ኪሳራ የሚመዘግብ ማንም የለም። ከሁሉ የሚከብደው ደግሞ ጥፋተኛው ሳይጠየቅ ሲቀር ነው፤ ያን ጊዜ ሕግ አክባሪው ራሱን እንደ ሞኝ መቁጠር ይጀምራል፣ ተበዳዩም በገዛ እጁ ለመበቀል ይነሣሣል።

ደንብ የጣሰን ሁሉ ግን ከወንጀለኛ መቁጠር አይገባም። ጥቁር አሜሪካዊቷ ሮዛ ፓርክስ እ.ኤ.አ. በ1955 በአሜሪካዋ ሞንትጎመሪ ከተማ የአውቶቡስ መቀመጫዋን ለነጭ ተሳፋሪ አልለቅም በማለቷ ተይዛ በገንዘብ ተቀጥታለች፤ በቀጣዩ ዓመት ግን በአውቶቡሶቹ ውስጥ ነጭና ጥቁርን የሚለየው ሕግ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ተሽሯል። እሷ ደንቡን የጣሰችው በአደባባይ፣ ስሟንም ሳትደብቅ ነው፤ የሚዘርፍ ሰው ግን ድርጊቱ የሚያዋጣው ሌሎቹ ደንቡን እስካከበሩ ድረስ ብቻ ስለሆነ ተደብቆ ያደርገዋል፤ በዚህም ምክንያት ሁለቱን በአንድ ስም መጥራትን አልደግፍም።