ስለቴን አስገባሁ፣ ልቤ ግን ቀዘቀዘ

ጥያቄ፦ መምህር እንደምን አሉ? የምሠራው ፒያሳ ነው። ከዚህ በፊት ሁለት ዓመት ሥራ አጥቼ ስንከራተት ከአራዳ ጊዮርጊስ ደጅ አልጠፋም ነበር። ጠዋት ለኪዳን እገኛለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ ስለትም ተሳልኩ። ሥራ አገኘሁና ስለቴን ጃንጥላ አስገባሁ። ዘንድሮ እድገት ተሰጠኝ፣ መኪናም ገዛሁ። ካስቀደስኩ ግን ወራት አልፈዋል። ለጸሎት ስቆም የምለምነው ነገር የለኝም። አንዳንዴ «ያ ችግሬ ይሻለኝ ነበር» እላለሁ። እግዚአብሔር ተቆጥቶ የሰጠኝን ይወስድብኝ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ሥራ አገኘህ። ከሁሉ በፊት ይህን ልበልህ፤ «ችግሬ ይሻለኝ ነበር» አትበል። ሁለት ዓመት ሙሉ አልቅሰህ የተቀበልከውን ስጦታ እንደ ጥፋት አትቁጠረው። ያራቀህ ሥራው አይደለም፣ መኪናውም አይደለም። ያኔ በሌሊት የሚቀሰቅስህ ጭንቀት ነበር። ጭንቀቱ ሲሄድ ቀስቃሽ አጣህ፣ በእሱ ቦታ ደግሞ ሌላ ቀስቃሽ አላስቀመጥክም። ነገሩ ይኸው ነው።

«የምለምነው ነገር የለኝም» ያልካት ቃል ግን ልቤን ነካችው። ጸሎት ልመና ብቻ ከሆነማ የጎደለው የሞላለት ሰው ሁሉ ከጸሎት ተሰናበተ ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያናችን እንዲህ አላስተማረችንም። ጸሎተ አኮቴትን አስታውስ፣ «ነአኵቶ» ብሎ የሚጀምረውን። በጎ ያደረገልንን መሐሪውን እግዚአብሔርን እናመስግነው ይላል፤ ሰውሮናልና፣ ረድቶናልና፣ ጠብቆናልና፣ እስከዚህች ሰዓት አድርሶናልና። ልመናው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እስኪ እነዚህን ቃላት አንድ በአንድ ወደ ራስህ አምጣቸው። ረዳኝ ስትል ያ የሥራ ቃለ መጠይቅ ትዝ ይበልህ። ጠበቀኝ ስትል ኪስህ ባዶ ሆኖ ሳለ ያልሄድክበትን ክፉ መንገድ አስብ። አደረሰኝ ስትል ደግሞ ዛሬ ጠዋት የከፈትከውን የቢሮ በር አስብ። ያኔ የምትለው ነገር አታጣም።

ስለትህን ማስገባትህ ጥሩ ነው። የተሳሉትን መክፈል ግዴታ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ብዙዎቻችን ጃንጥላውን ስናስረክብ ሒሳቡ የተዘጋ፣ ከእግዚአብሔርም ጋር የተለያየን እየመሰለን መሄዳችን ነው። ሐናን ተመልከታት። ልጅ አጥታ አለቀሰች፣ ተሳለች፣ ሳሙኤልን ወለደች፣ ጡት ሲተው ወስዳ ለእግዚአብሔር ቤት ሰጠችው። ስለቷ በዚያ ቀን ተፈጸመ፤ ከዚያ በላይ የሚጠበቅባት ዕዳ አልነበረም። መጽሐፉ ግን ምን ይላል? በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት ነበር ይላል። ልጅ ያድጋል፣ ያምናው ልብስ ዘንድሮ አይበቃውም፤ ስለዚህ እናት ክንዱ ስንት ደርሶ ይሆን እያለች በየዓመቱ እንደ አዲስ ትለካለች፣ ትሰፋለች፣ ይዛም ትወጣለች። ይህን ማንም አላዘዛትም፣ ፍቅር ነው። አንተ ጃንጥላውን ሰጥተሃል፣ መደረቢያው ነው የቀረህ።

የምትሳለመው ቤተ ክርስቲያንም ይህንኑ ይነግርሃል። የአራዳው ጊዮርጊስ ታቦት በ1888 ዓ.ም. ከሠራዊቱ ጋር ዐድዋ ወርዷል፣ ድሉም የካቲት 23 በጊዮርጊስ ዕለት ሆነ። ሕዝቡ «አሸነፍን፣ በቃ» ብሎ አልተወውም፤ ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ እንኳ ዕለቱን እያነሣ ያመሰግናል።

ይወስድብኝ ይሆን ላልከው ደግሞ፣ ጌታ አሥር ለምጻሞችን አነጻ፣ ተመልሶ ያመሰገነው አንድ ብቻ ነበር። «ዘጠኙስ ወዴት አሉ?» ብሎ ጠየቀ። ለምጻቸው ተመለሰባቸው የሚል ግን አልተጻፈም። የጠየቀው ስለቀሩበት ነው። አንተንም የት ጠፋህ እያለህ ነው እንጂ ሊቀማህ አላደባብህም። ስለዚህ በፍርሃት አትመለስ፤ በፍርሃት የመጣ ሰው ፍርሃቱ ሲለቀው ተመልሶ ይሄዳል። ያለፈው የሆነብህም ይኸው ነው።

አንድ ጊዜ መስቀል አደባባይ እስጢፋኖስ ደጅ ላይ በየጠዋቱ አንዲት ልጅ አያት ነበር። የመሥሪያ ቤት ባጅ አንገቷ ላይ አለ፣ ነጠላዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ትለብሳለች፣ ጫማዋን አውልቃ ሁለት ሦስት ደቂቃ ትቆማለች፣ ከዚያ ነጠላዋን አጣጥፋ እየሮጠች ወደ ታክሲው። አሳሰበችኝና «ልጄ፣ ምን ገጥሞሽ ነው?» አልኳት። «ምንም አልገጠመኝም መምህር፣ ደህና ነኝ፣ እሱን ልነግረው ነው» አለችኝ። ያን ቀን ለማስተማር ያዘጋጀሁትን ትቼ ስለ እሷ ነው ያስተማርኩት።

አንተም ትልቅ ነገር አትጀምር። ገና ከመንቃትህ ሰባቱንም የጸሎት ጊዜያት ላድርስ ብትል በሳምንቱ ይሰለችሃል። ጠዋት ስልክህን ከማንሣትህ በፊት ነአኵቶን አድርስ። በሚኒባስ ስትመላለስ ጊዮርጊስ ጋ ስትደርስ ታማትብ ነበር፤ አሁን መሪ ይዘሃል፣ ዓይንህ መንገዱ ላይ ይሁን፣ ግን በወር አንዴ እንኳ በ23 መኪናህን አቁመህ ግባ። ሰንበት ስታስቀድስ ደግሞ ዲያቆኑ «እትዉ በሰላም» እስኪል ቆይ፣ ከመሀል አትውጣ። ከደመወዝህ አሥራትህን አውጣ፣ ያኔ እንዳንተ የሥራ ማመልከቻ ይዞ የሚዞር ልጅ ካወቅህ የትራንስፖርት ስጠው።

ለንስሐ አባትህም ዛሬውኑ ደውልላቸው። ወራት ስለጠፋሁ ይቆጡኛል ብለህ አትፈር። አሁን የጻፍክልኝን እንዳለ ንገራቸው፣ ለቅዱስ ቁርባን የሚያዘጋጁህ እሳቸው ናቸው። ምናልባት የንስሐ አባት ከሌለህ በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እዚያው ጊዮርጊስ ካህናቱን ጠይቃቸው።