ሁሉም አስቸኳይ ሆነብኝ
ጥያቄ፦ እትዬ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ጤፍና በቆሎ እነግዳለሁ፣ ወፍጮም ከፍቻለሁ፣ ደንበኛ ይደውላል ሹፌር ይደውላል፣ ዱቤ የወሰደው ደሞ ስልክ አያነሳም፣ የቱን ላስቀድም?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አንተን እየነዳህ ያለው ስልክህ ነው። እህል ጊዜ አለው፤ ታህሳስና ጥር ጤፉ ከአውድማ ሲወጣ ዋጋው ረከስ ይላል፣ ያኔ ወፍጮውን ለምታምነው ልጅ ስጥና አንተ ገበያ ዋል፣ ሚዛኑ ጋ ራስህ ቁም (ሚዛን ለማንም አይሰጥም ባይ ነኝ)። ክረምት ላይ እህል ሲወደድ ሽያጩ ብዙ አያለፋህም፣ ዱቤህን ያኔ ተከታተል። በጀት አመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ቆጠራውን ሰኔ ላይ ጨርስ፣ ደረሰኝ በፌስታል ጠቅልሎ ሂሳብ ሰራተኛ ፊት መዘርገፍ ይቅርብህ። ሹፌሩን ማታ አንዴ ደውልለት፣ ሂሳቡንም በቴሌብር ላክለት፣ በቃ።