«እሺ» ሲባል ምን ተባለ?

ጥያቄ፦ ልጄ አንድ ነገር ሳዘው «እሺ፣ እሺ» ይለኛል፤ አያደርገውም። ስቆጣው «ሰማሁ ማለቴ እንጂ አደርጋለሁ ማለቴ አይደለም» ይላል። እውነት ያስኬዳል?

መልስ፦ በእኔ ሚዛን አያስኬድም። ሰማሁ ለማለት «ሰማሁ» አለን። «እሺ» የፈቃድ ቃል ነው፤ ተቃራኒውም «እምቢ» ነው። «ወንድምህ መጣ?» የተባለ ሰው «አዎ» ይላል፤ «ወንድምህን ጥራው» የተባለ ግን «እሺ» ይላል። ሁለቱን አንድ አድርገው የሚፈቱ ሰዎች ይህን ድንበር ያፈርሱታል።

ድንበሩ ጥንታዊ ነው። ግእዝ ለማረጋገጫ «እወ»፣ ለፈቃድ «ኦሆ» ይላል፤ «ኦሆ ይቤ» ማለት እሺ አለ ነው። «እምቢ»ም የግእዙ «እንብየ» ዘር ነው። «እሺ» ራሱ አይረባም፤ ርባታውን «አለ» ይሸከምለታል፦ እሺ ይላል፣ እሺ በል፣ እሺ አሰኘው፣ እሺ ባይ። ስሙ «እሺታ» ነው፣ እንደ «እምቢታ»ና «ዝምታ»። «እሺ አላለም» እና «እምቢ አለ»ም አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ዝም ብሎም ሊሆን ይችላል።

«እሺ» ከቁጥሩ ከ«ሺ» ወጣ፣ «ሺ ጊዜ አዎ» ማለት ነው የሚሉ አሉ። ማስረጃቸው «እሺ ይበልጣል ከሺ» የሚለው ተረት ነው። ተረቱ ያማረው ግን ቃላቱ ቤት ስለመቱ ነው፤ ቤት መምታት ዝምድና አይሆንም። የ«እሺ» «ሺ» ይጠብቃል፣ የቁጥሩ ይላላል፤ ፊደላችን ጥብቀትን ስለማያሳይ ዓይን ይታለላል፣ ጆሮ ግን አይታለልም። በጎንደርና በጎጃም «እሽ» ብሎ በሳድስ መጨረስ የተለመደ ነው፣ ስህተትም አይባልም። እኔ ግን በጽሑፍ «እሺ»ን አጥብቄ እመርጣለሁ፤ «ዝንቡን እሽ የማይሉት» ስንል ያለው «እሽ» ማባረሪያ ነውና።

አሁን ወደ ልጅዎ። የዛሬው «እሺ» ፍቺውን የሚያገኘው ከድምፁና ከጎረቤቱ ነው። ድምፁ ከፍ ብሎ ሲያልቅ፣ «እሺ?»፣ «ቀጥል፣ ከዚያስ?» ነው። ከትእዛዝ በኋላ ሲመጣ፣ «እንዳትረሳ፣ እሺ?»፣ ማረጋገጫ ይለምናል። «እሺ ቆይ!» ዛቻ ነው፤ ስምምነት ቅንጣት የለበትም። «እሺ ይሁን» ሳይወዱ መልቀቅ ነው። አስተናጋጁ «እሺ፣ ምን ልታዘዝ?» ሲል ገና የተስማማበት ነገር የለም፤ ጨዋታ መክፈቱ ነው። በስልክ «እሺ፣ በቃ እሺ፣ ቻው» ሲባል ደግሞ መዝጊያ ነው። ከሁሉ የሚያስቸግረው የልጅዎ ድርብ «እሺ፣ እሺ» ነው። ቀስ ተብሎ፣ በየመሃሉ ትንፋሽ ተወስዶ ከተባለ የአክብሮት ነው። ተጣድፎ፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አጥሮ ከተባለ ግን «ገባኝ፣ አሁን ተወኝ» ማለት ነው።

ይህን ሁሉ የዘመኑ ልጆች አመጡት ብል ደስ ይለኝ ነበር። ግን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ወደ ወይኑ አትክልት ሂድ የተባለው ሁለተኛ ልጅም ለአባቱ እሺታውን ሰጥቶ ሳይሄድ ቀርቷል። ባዶው «እሺ» የቆየ ነው፤ ዛሬ ደግሞ እንደ ልጅዎ በ«ሰማሁ» ፍቺ የሚጠቀሙበት እየበዙ መሆኑን ሳልወድ እቀበላለሁ።

ስለዚህ «እሺ»ን ብቻውን አይቀበሉት፤ «መቼ?» ብለው ግስ ያስከትሉበት። «እሺ፣ ማታ አመጣዋለሁ» ካለ በኋላ «ሰማሁ ማለቴ ነው» ሊል አይችልም፤ «አመጣዋለሁ» ይይዘዋል።