ስለ በለዘ ጥርስ ጠይቃችሁኝ ነበር

የጥርስ ሐኪም ነኝ፤ ተወልጄ ያደግኩት ወንጂ ነው። ስለ ጥርስ መበለዝና ስለ ማንጣት የላካችሁልኝን ጥያቄዎች እየመለስኩ ነው።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የመተሐራ ልጅ ነኝ። ጥርሴ ቡናማ ነው። በቀን ሦስቴ እቦርሻለሁ፤ ሎሚና ጨውም፣ ከሰልም ሞክሬያለሁ። ሰው ንጽሕናዬን የማልጠብቅ ይመስለዋል። ከፋሲካ በኋላ ሰርጌ ነው፤ ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥርስሽ አልቆሸሸም። ይህን ማንም ሳይነግርሽ ይህን ያህል መፈተግሽ አሳዝኖኛል። በስምጥ ሸለቆ ያለው የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በእኛ አካባቢ ከ10 በላይ የተለካባቸው ጉድጓዶች አሉ። ጥርስ ገና ድድ ውስጥ ሲሠራ፣ እስከ 8 ዓመት ገደማ፣ ይህን ውሃ የጠጣ ልጅ የጥርሱ ሽፋን፣ ኢናሜሉ ማለት ነው፣ ሳይጠጥር ይቀራል። ሲበቅል ኖራ የተቀባ ይመስላል፤ ቀስ በቀስ ቀለም እየመጠጠ ይበልዛል። እኔ 8ኛ ክፍል ስጨርስ የተነሣነው የክፍል ፎቶ አሁንም አለኝ። ጥርሱን ያሳየ ልጅ የለበትም፤ ሴቶቹ አፋቸውን በእጃቸው ከልለዋል።

ሎሚውን ዛሬውኑ ተዪው። አሲድ ነው፤ ያለሽን ኢናሜል ይበላዋል፣ ያለቀ ኢናሜል ደግሞ ተመልሶ አይመጣም። ከሰሉም ይፍቀዋል። ቡናማው ከላይ ብቻ ከሆነ ሐኪም በስሱ ፍቆ ያነሣዋል፣ ከዚያ ያነጣዋል። ዘልቆ የገባ ከሆነ ግን ማንጣት ብቻውን አይበቃም፤ በጥርስ ቀለም ሙሌት ወይም በቪኒየር፣ ማለትም ከጥርሱ ፊት በሚለጠፍ ስስ ሽፋን፣ መሸፈን ይኖራል። ከነጣ በኋላ ሙሌቱ በደንብ እንዲይዝ ሁለት ሳምንት ያህል መጠበቅ ስላለበት፣ ከሰርጉ ሦስት ወር ቀደም ብለሽ ጀምሪ።

ጥያቄ፦ ባቱ ነው የምንኖረው። ለልጆቼ ውሃውን አፍልቼ ነው የማጠጣቸው፤ ይበቃል?

መልስ፦ እናቴ፣ ማፍላት ጀርሙን ይገድላል እንጂ ፍሎራይዱን አያወጣም። እንዲያውም ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው ይበረታል። የዝናብ ውሃ ያጠራቅሙላቸው፣ ወይም ተመርምሮ ፍሎራይዱ ዝቅ ያለ ውሃ ይፈልጉ፤ ለመጠጡ ብቻ ሳይሆን ለወጡም ለሻዩም። በከሰለ አጥንት የሚሠራ ማጣሪያም ይቀንሰዋል፤ አጥንቱ ግን በጊዜው ካልተለወጠ መሥራቱን ያቆማል።

ጥያቄ፦ ክሊኒክ ውስጥ ሲያነጡ ምንድነው የሚያደርጉት? ያማል?

መልስ፦ መጀመሪያ ጥርስህ ይታጠባል። የቡና፣ የሻይ፣ የጫትና የሲጋራ ቀለም አብዛኛው እዚያው ይለቃል፤ ብዙ ሰው ታጥቦ መስታወት ሲያይ ማንጣቱን ይተወዋል። የተቦረቦረ ጥርስ ካለ መጀመሪያ ይሞላል። ከዚያ ድድህን ሸፍነው ከ25 እስከ 40 በመቶ የሆነ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የሚባል ማንጫ ይቀቡታል። ኢናሜሉን አልፎ ውስጥ ያለውን ቀለም ይበትነዋል። ሌላው መንገድ በጥርስህ ልክ የተሠራ ስስ ፕላስቲክ ውስጥ 10 በመቶ ካርባማይድ ፐርኦክሳይድ አድርጎ ለሁለት ሳምንት ያህል ማታ ማታ መልበስ ነው። እኔ ይህንን አስበልጣለሁ፤ ቀስ ይላል፣ ጥርስንም ብዙ አያስጨንቅም። በሁለቱም ቀዝቃዛ ነገር ለጥቂት ቀናት ይጠዘጥዝሃል፤ ከዚያ ይተውሃል።

ጥያቄ፦ ከብስክሌት ወድቄ ነበር፤ ከዓመት በኋላ አንዱ የፊት ጥርሴ ጠቆረ። እሱን ብቻ ማንጣት ይቻላል?

መልስ፦ ራጅ ተነሣ። ብዙ ጊዜ የውስጡ ነርቭ ሞቷል ማለት ነው፤ ባያምህም ሥሩ ላይ መግል ሊቋጥር ይችላል። ሥሩ ከታከመ በኋላ ማንጫው ከውስጥ ይደረግለታል። ከላይ መቀባት አይጠቅምህም።

ጥያቄ፦ ክራውን (ጥርሱን እንደ ቆብ የሚሸፍን ሰው ሠራሽ ሽፋን) አለኝ፤ አብሮ ይነጣል?

መልስ፦ አይነጣም፤ ሙሌትም እንዲሁ። ሌሎቹ ነጥተው እሱ ብቻውን እንዳይቀር አስቀድመህ ተነጋገር።

ጥያቄ፦ ፍራንክፈርት ነኝ። የውበት ሳሎን በርካሽ ያነጣል፤ ልሂድ?

መልስ፦ አትሂጂ። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ከ0.1 በመቶ በላይ ፐርኦክሳይድ ያለው ማንጫ በጥርስ ሐኪም በኩል ካልሆነ አይፈቀድም፤ ለሐኪምም ጣሪያው 6 በመቶ ነው፣ ከ18 ዓመት በታች ላለ ደግሞ ክልክል ነው። ሳሎን ውስጥ ድድሽ ቢቃጠል ማን ያክምሻል?

ጥያቄ፦ የመተሐራዋ ነኝ ዶክተር። ፎቶ ልላክልህ?

መልስ፦ ፎቶ ቀለም ያሳስታል። ሐኪሙ በአየር አድርቆ ሲያየው ነው ጥልቀቱ የሚለየው፤ እርጥብ ሲሆን የተደበቀው ነጩ መስመር ያን ጊዜ ይወጣል። እስከዚያ ለስላሳ ቡርሽ፣ ጠዋትና ማታ ብቻ።