ቦስኒያ ለመሄድ ላሰብሽው እህታችን

"ለአንድ ሳምንት ቦስኒያ ልሄድ ነው። ሙስሊሙ፣ ኦርቶዶክሱ፣ ካቶሊኩ የተቀላቀለበት አገር ነው ሲሉኝ ፈራሁ፤ ምን ልጠንቀቅ?" ብለሽ ጠይቀሻል። ከቪየና ተነስቼ ሁለቴ ሄጃለሁና ያየሁትን ልንገርሽ።

ፍርሃቱን ተይው። ዋና ከተማዋ ሳራዬቮ ስትደርሺ ባሽቻርሺያ ከሚባለው አሮጌ ገበያ ተነሺና በእግርሽ ሂጂ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የጋዚ ሁስሬቭ ቤግ መስጊድ፣ አሮጌው ምኩራብ፣ የኦርቶዶክሶቹና የካቶሊኮቹ ካቴድራል፣ ሁሉም እዚያው በዚያው ናቸው። አዛንና ደወል እየሰማ ላደገ ሰው ምኑም አይገርምም።

መጠንቀቅ ያለብሽ ከአፍሽ ነው። "አንተ ከየትኛው ወገን ነህ?" ብለሽ እንዳትጠይቂ። በፈረንጆቹ ከ1992 እስከ 1995 የነበረው ጦርነት ከሰው ልብ አልወጣም። እኔ ያረፍኩበትን ቤት ባለቤት በየዋህነት ጠይቄያት ፊቷ ሲለዋወጥ አይቻለሁ። ራሳቸው ካነሱት ግን አዳምጪ። አስፋልት ላይ ቀይ ነገር የተሞላ ስንጥቅጥቅ ካየሽ "የሳራዬቮ ጽጌረዳ" የሚሉት ነው፤ ሞርታር ወድቆ ሰው ያለቀበት ቦታ። እዚያ ላይ ቆሞ ሰልፊ ነውር ነው።

የቋንቋውም ስም ያጣላል። ቦስኒያኛ፣ ሰርብኛ፣ ክሮኤሽኛ ይሉታል፤ ሲያወሩ ግን ያለ አስተርጓሚ ይግባባሉ። ከጨነቀሽ "ናሽኪ" በይ፣ "የኛው" እንደማለት ነው። ቡና ራሱ ካህቫ፣ ካፋ፣ ካቫ እየተባለ ይጠራል። "ካፋ" ሲሉ ከፋን የጠሩ መስሎኝ ለብቻዬ ስቄያለሁ። የሚመጣው ጀዝቫ በሚሏት ትንሽ የመዳብ ማፍያ ነው፣ ሎኩም ከሚባል ለስላሳ ጣፋጭ ጋር። ስኳሩን ነከር አድርገሽ ትነክሺና ትጠጪያለሽ። ማንም አይቸኩልም። የጎደለው ቶናና በረካ ብቻ ነው።

ጾመኛ ከሆንሽ "ፖስኖ" የሚለውን ቃል ያዢ፤ የጾም ምግብ ማለት ነው። ኦርቶዶክሶቹ ሰርቦች በሚበዙባቸው እንደ ባንያ ሉካና ትሬቢኔ ባሉ ከተሞች ይገባቸዋል። ዓሣ ሊኖርበት ስለሚችል ጠይቂ (የዓሣውን ክርክር እዚህ አንጀምር)። ገናቸውም እንደኛው ጃንዋሪ 7 ነው። ቡሬክ (በስስ ሊጥ የተጠቀለለ ጋገራ ነው) ካልሽ የሚመጣልሽ የሥጋው ነው፤ የአይቡ ሲርኒትሳ ይባላል።

እኔን ያናደደኝ አውቶቡስ ነው። ወደ ሰርቢያ ዋና ከተማ ቤልግሬድ ልሄድ ዋናው መናኸሪያ ተገትሬ ቀረሁ። ለካ የኔው የሚነሳው ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ከምሥራቅ ሳራዬቮ መናኸሪያ ኖሯል። አገሪቱ በዋናነት ፌዴሬሽኑና ሪፐብሊካ ስርፕስካ በሚባሉ ሁለት አስተዳደሮች የተከፈለች ናት፤ ያኛው መናኸሪያ በስርፕስካ በኩል ነው። በመካከላቸው ኬላ የለም። መሻገርሽን የምታውቂው ሰሌዳው ላይ የሲሪሊክ ፊደል (ሩሲያዎቹ የሚጽፉበት ዓይነት) ሲበዛ ነው።

ሞስታር ወደምትባለው ከተማ ግን በባቡር ሂጂ። የሁለት ሰዓት ገደማ መንገድ ነው፣ ከኔሬትቫ ወንዝ ጎን ጎን። በ1566 የተሠራው ድልድይ በ1993 ፈርሶ በ2004 እንደገና ተከፍቷል። ጎረምሶቹ ከላዩ ወደ ወንዙ ይዘላሉ፤ መጀመሪያ ግን ሳንቲም ይሰበስባሉ።

ገንዘባቸው ማርክ ነው፣ አንድ ዩሮ 1.96 ገደማ። የቪዛውን ነገር በያዝሽው ፓስፖርት ኤምባሲያቸውን ጠይቂ። ተራራ ከወጣሽ ከተጠረገው መንገድ አንድ እርምጃ አትውጪ፤ የጦርነቱ ፈንጂ ተለቅሞ አላለቀም። የምትሄጂበትን ወር ጻፊልኝና ስለ ልብሱ ደግሞ እነግርሻለሁ።