መጀመሪያ የሴት አያትሽን ማመልከቻ ፈልጊ

እህቴ፣ አብሽሪ። አያትሽ የንጉሡ ዘመን ወታደር እንደነበሩ፣ ከአንድ የጡረታ ደብተር በቀር ወረቀት እንደሌላችሁ፣ ከእሱ ተነስታችሁ ዘራችሁን መቁጠር ትችሉ እንደሆነ ጠይቀሻል። ይቻላል። እኔ እዚሁ ኮምቦልቻ ተቀምጬ ሁለት ዓመት ለፍቼበታለሁ፤ ያገኘሁትን ልንገርሽ።

ብዙዎቻችን ስንጀምር ወታደሩን ብቻ ነው የምንፈልገው። ማዕረጉን፣ የዘመተበትን፣ ኒሻኑን። እሱም ደስ ይላል፤ ዘር ግን አያስቆጥርም። ዘር ያለው ተተኪዎቹ ጡረታ ሲጠይቁ ያስገቡት ወረቀት ውስጥ ነው። ባል ሲሞት ሚስት ሚስትነቷን ማስረዳት አለባት። ልጆችም ልጅነታቸውን። በ1955 በወጣው የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 መሠረት ሟች ይጦራቸው የነበሩ እናትና አባትም ተተኪ መሆን ይችሉ ነበር። ጡረታ የሚለው ቃል ራሱ ከመጦር የመጣ አይደል? እናም ቀንቶሽ እንደሆነ የአያትሽን እናት ስም ታገኛለሽ። የኛ ስም አባትን እንጂ እናትን አይቆጥርም፤ ሴቶቹ ሁለት ትውልድ ሳይሞላቸው ይረሳሉ። እኔ ያንን ስም ሳገኝ እንባዬ ነው የመጣው።

የኛ ቤት ፋይል ውስጥ አንድ ገጽ ማመልከቻ አለ። ፊርማ መኖር ያለበት ቦታ ላይ የሴት አያቴ የአውራ ጣት አሻራ በሐምራዊ ቀለም ታትሟል። ቀለሙ በአንድ በኩል ፈሷል፤ የጣታቸው መስመር ግን ይታያል። ከሥሩ የሦስት ምስክሮች ስም ከነአያት ተጽፏል። ሦስተኛው ላይ «የሟች ወንድም፣ ነዋሪነታቸው ሐይቅ» ይላል። አያቴ ወንድም እንዳላቸው ቤታችን ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም! የወሎ ቦረና ሰው ናቸው እየተባለ ነው ያደግነው። ደሴ ወጣሁ፤ ከዚያ በሚኒባስ ሐይቅ ከተማ ወረድኩ። ስም እየጠራሁ ስጠይቅ ውዬ የወንድማቸውን ልጅ አገኘኋቸው። ሽማግሌ ናቸው። ቡና እየተፈላ ሰባት ቤት ቆጠሩልኝ፤ እኔም ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። ስለዚህ ምስክሮቹን እንዳትዘያቸው። ለምስክርነት የሚጠራው ዘመድ ወይም ጎረቤት ነው።

አሁን ስለ ስም። ፋይሉን ለማየት ለጡረታ መሥሪያ ቤት ባቀረብኩት የመጀመሪያ ጥያቄ ስሙን በሀሌታው «ሀ» ጻፍኩና ፋይሉ አልተገኘም። መዝገቡ ላይ በሐመሩ «ሐ» ነበር የተጻፈው። ሀሰንና ሐሰን፣ ሰይድና ሠይድ፣ አለሙና ዓለሙ፣ ሁሉንም አጻጻፍ በአንድ ወረቀት ላይ ዘርዝረሽ አቅርቢ። ወሎ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። አንድ ቤት ውስጥ እስላምም ክርስቲያንም ይኖራል፤ አንዱ ሰው የቤት ስምና የጦር ሠራዊት ስም ሊኖረው ይችላል። የጡረታ ቁጥሩና የሚስት ስም ከገጠመ የሰውየው ስም ተለየ ብለሽ ፋይሉን አትመልሺው። ዕድሜው ላይ ግን ብዙ አትተማመኚ። በግምት የተሞላ ነው።

የትውልድ ቦታው የተጻፈው በድሮው አከላለል ነው። አምባሰል አውራጃ፣ ቃሉ አውራጃ፣ ወረኢሉ አውራጃ እያለ ይሄዳል። ምክትል ወረዳው ከተጻፈ በጣም ጥሩ፤ ፍለጋሽን ወደ ጥቂት ቀበሌ ያጠብብልሻል።

ከጣሊያን በፊት ለዘመቱት የጡረታ ፋይል አትጠብቂ። ያኔ ለወታደር በደሞዝ ፈንታ የሚሰጠው ማደሪያ መሬት ነበር። ለእነሱ የድሮ የግብር ደረሰኝ ካለ እሱን ፈልጊ፤ ዘመድ ቤት ሳጥን ውስጥ አይጠፋም።

ፋይሉን ለማየት ስትሄጂ የወራሽነት ማስረጃ ይዘሽ ሂጂ። እናትሽ ወይም አጎትሽ በሕይወት ካሉ የእነሱን ውክልና ጨምሪበት፤ የልጅ ጥያቄ ከልጅ ልጅ ይልቅ ቶሎ ይሰማል። ልደትና ጋብቻ በወሳኝ ኩነት በአገር ደረጃ መመዝገብ የጀመረው በ2008 ነው። ለአያቶቻችን እንዲህ ያለ መዝገብ የለም፤ ይህን ፋይል እንደ ዓይንሽ ብሌን እይው የምለውም ለዚህ ነው።

ደብተሩን ዛሬውኑ እያንዳንዱን ገጽ በስልክሽ አንሺው፤ ጀርባውን ሳይቀር። በ2014ቱ ጦርነት ደሴም ኮምቦልቻም ቤቱን ጥሎ የወጣ ሰው ስንት ወረቀት እንዳጣ አይተናል። የጡረታ ቁጥሩን ግን እዚህ እንዳትለጥፊው። አውራጃውን ወይም ወረዳውን ብቻ ጻፊልኝ። አምባሰል ወይም ተሁለደሬ ከሆነ ሐይቅ ያሉትን ሽማግሌ እጠይቅልሻለሁ።