ፊሊፒናውያን ነርሶች ከነቤተሰባቸው የሚሄዱበት መንገድ ለእኛስ ይሆናል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በሪያድ በአንድ የግል ሆስፒታል የምሠራ ኢትዮጵያዊት ነርስ ነኝ። ባለቤቴና ሁለት ልጆቼ ሐዋሳ ይኖራሉ። አብረውኝ ከሚሠሩት ነርሶች አብዛኞቹ ፊሊፒናውያን ናቸው፤ ብዙዎቹም ኮንትራታቸውን እንደጨረሱ ወደ እንግሊዝ እየሄዱ፣ ብዙም ሳይቆዩ ባልና ልጆቻቸውን ያስመጣሉ። በቅርቡ የሄደች አንዲት የኢሎኢሎ ተወላጅ ባልደረባዬ ልጆቿ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለብሰው የተነሡትን ፎቶ ልካልኝ «አንቺም በዚሁ መንገድ ነይ» ትለኛለች። በሌላ በኩል አንድ ደላላ «በፊሊፒኖቹ በኩል» ከነቤተሰቤ በአንድ ጊዜ ሊያስገባኝ እንደሚችል ነግሮኝ ቀብድ ጠይቆኛል። እነርሱ ምን ስላላቸው ነው የሚሳካላቸው? እኔስ ከየት ልጀምር? (ት.፣ ከሪያድ)

መልስ፦ ውድ ት.፣ ከሁሉ በፊት የደላላውን ነገር እንቋጨው፤ አንድም ሪያል አይስጡት። የፊሊፒንስ መንግሥት ነርሶቹን ወደ ውጭ የሚልክበት አሠራር የተዘረጋው ለራሱ ዜጎች ብቻ በመሆኑ ኢትዮጵያዊት በዚያ በር የምትገባበት መንገድ የለም። ከዚህም በላይ በዚያው አገር ደንብ ወደ እንግሊዝ ከምትሄድ ነርስ የምልመላ ክፍያ መቀበል ክልክል ነው። ባልደረባዎ እንድትከፍል ያልተፈቀደውን ገንዘብ ደላላው ከእርስዎ መጠየቁ ራሱ ማንነቱን ይናገራል።

እነርሱ ለምን ይሳካላቸዋል ለሚለው፣ የባልደረባዎ የትውልድ ከተማ ጥሩ መነሻ ነው። በኢሎኢሎ የሚገኘው የሚስዮን ሆስፒታል የነርሶች ማሠልጠኛ የከፈተው በ1906 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲሆን፣ አገሪቱ ያኔ በአሜሪካ ቅኝ አገዛዝ ሥር ስለነበረች ትምህርቱ የተቀረጸው በአሜሪካኖቹ ልክና በእንግሊዝኛ ነበር። አሜሪካ በ1948 በጀመረችው የልውውጥ ፕሮግራም ፊሊፒናውያን ነርሶች በብዛት ተጓዙ፤ የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ደግሞ በቋሚነት የሚኖሩበትን በር ከፈተላቸው። በ1974 የወጣው የአገሪቱ የሥራ ሕግ ሠራተኛ ወደ ውጭ መላክን የመንግሥት ሥራ ካደረገው በኋላ፣ በ1982 ለዚሁ ብቻ የሚሠራ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ በ2021 መጨረሻ በተፈረመ ሕግም የስደተኛ ሠራተኞች ጉዳይ ራሱን የቻለ የሚኒስትር መሥሪያ ቤት አገኘ። ስለዚህ ማኒላ ላይ አንዲት ነርስ የአራት ዓመት ዲግሪዋን ጨርሳ፣ የብሔራዊ ፈቃድ ፈተናውን አልፋና የሥራ ልምድ ይዛ ስትነሣ፣ ኮንትራቷን የሚመረምርላት፣ የቅድመ ጉዞ ገለጻ የሚሰጣት፣ በ25 ዶላር መዋጮ የደኅንነት ፈንድ አባል የሚያደርጋትና ያለ እርሱ ከአውሮፕላን ማረፊያው የማታልፍበትን የውጭ ሥራ ማረጋገጫ የሚሰጣት መንግሥት አለ። ይህ ሁሉ ለነርሷ መልካም ነው ለማለት አልደፍርም። በኮቪድ ወቅት ያው መንግሥት ጉዞውን አግዶ፣ ከዚያም በዓመት 5,000 የሕክምና ባለሙያ ብቻ እንዲወጣ ወስኖ፣ በ2021 መጀመሪያ ላይ እንግሊዝና ጀርመን ክትባት ቢሰጡት ገደቡን ሊያነሣላቸው መደራደሩን ስናስታውስ፣ ነርሷ በአገሯ መዝገብ ላይ በምን ዓይን እንደምትታይ እንረዳለን።

የባልደረቦችዎ ጉዞ ከሪያድ ወደ እንግሊዝ የሚያዘነብለው ግን በደመወዝ ብቻ ሳይሆን በልጆች ምክንያት ነው። እርስዎ በቅርብ የሚያዩት ስለሆነ ብዙ አልልም። ሳዑዲ ዓረቢያ በ2017 በግሉ ዘርፍ በሚሠሩ የውጭ ዜጎች ቤተሰብ ላይ የጣለችው ወርኃዊ ክፍያ በአንድ ሰው 100 ሪያል ተጀምሮ በ2020 400 ሪያል ደርሷል፤ ባልና ሁለት ልጆች ማለት በዓመት 14,400 ሪያል ነው። ይህን ከኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ)፣ ከትምህርት ቤትና ከቤት ኪራይ ጋር ሲደምሩት፣ ብዙዎቹ ፊሊፒናውያን እናቶች ልጆቻቸውን ለአያት ትተው በስልክ የሚያሳድጉበት ምክንያት ግልጽ ይሆናል።

እንግሊዝ በ2020 ለጤና ባለሙያዎች የለየችው ቪዛ ይህን ስሌት ቀየረው። ነርሷ የትዳር አጋሯንና ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆቿን ማምጣት ትችላለች፤ ባል ያለ ገደብ ሊሠራ ይችላል፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት በነጻ ነው። ሌሎች ስደተኞች ለሕክምና አገልግሎት በዓመት ለአዋቂ 1,035፣ ለልጅ 776 ፓውንድ ሲከፍሉ የጤና ባለሙያ ቤተሰብ ነጻ ስለሆነ፣ አራት አባላት ላለው ቤት ቁጠባው በዓመት ከ3,600 ፓውንድ በላይ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይለዩ፦ ከመጋቢት 2024 ጀምሮ ቤተሰብ ማምጣት የተከለከለው «ኬር ወርከር» ለሚባሉት ተንከባካቢዎች እንጂ ለተመዘገቡ ነርሶች አይደለም። ደላሎች ሁለቱን ሆን ብለው ያደበላልቃሉ። ከ5 ዓመት በኋላ ይገኝ የነበረውን ቋሚ መኖሪያም መንግሥት ወደ 10 ዓመት ለማራዘም ማቀዱን በ2025 ስላስታወቀ፣ የ5 ዓመቱን እንደ ተቆረጠ ተስፋ አይያዙት።

ባልደረባዎ ባልና ልጆቿን ይዛ እንዳልሄደች፣ ቀድማ ሄዳ በኋላ እንዳስመጣቻቸው ልብ ይበሉ፤ ምክር ልስጥ ከተባልኩ ከፊሊፒናውያኑ የሚቀዳው ይህ ነው። አዲስ የምትመጣ ነርስ ከመነሻዋ በፊት በኮምፒውተር የሚሰጠውን የጽሑፍ ፈተና ታልፋለች፤ እንግሊዝ ከደረሰች በኋላ ደግሞ «ኦስኪ» የሚባለው የተግባር ፈተና ይጠብቃታል። ሥራ በጀመረች በሦስት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ መፈተን፣ በስምንት ወር ውስጥም በእንግሊዝ የነርሶችና የአዋላጆች ምክር ቤት መመዝገብ አለባት፤ የመሞከር ዕድሏም የተወሰነ ነው። እስክትመዘገብ ድረስ የሚከፈላት ከነርስ በታች ባለው እርከን ሲሆን፣ ከተመዘገበች በኋላ «ባንድ 5» ወደሚባለው የደመወዝ እርከን ትገባለች፤ መነሻው በእንግሊዝ በ2025/26 በዓመት 31,049 ፓውንድ ነው። አሠሪው ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሰጣት ማረፊያም አብዛኛውን ጊዜ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና ከሌሎች ጋር የምትጋራው ማእድ ቤት ያለው ክፍል ነው። ልጅ አይገባበትም። ፈተናውን ከወደቀችና ቪዛዋ ከተሰረዘ የእርሷ ብቻ መመለስ ከባድ ነው፤ ባል ሥራውን ለቆ፣ ልጆች ትምህርት አቋርጠው ከመጡ በኋላ ቢሆን ግን ቤተሰቡ እንዳለ ይናጋል።

ከምዝገባው በኋላ ቤት ይፈለጋል። በእንግሊዝ ለተራ ኪራይ አከራይ ሊይዝ የሚችለው ማስያዣ የአምስት ሳምንት ኪራይ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ወር ኪራይ ለብቻው ነው። ለቪዛው በባንክ መታየት ያለበት ገንዘብ ለእርስዎ 1,270፣ ለባል 285፣ ለመጀመሪያ ልጅ 315፣ ለሁለተኛው 200 ፓውንድ ነው፤ አሠሪው ዋስ ከሆነ ይህ ይቀራል፤ ዋስትናው ቤተሰብንም እንዲያካትት ቀድመው ይጠይቁ።

ማንም ቀድሞ የማይናገረው ግን የሰዓቱ ጉዳይ ነው። በዋርድ ውስጥ የተለመደው ረጅም ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ነው። የሕፃናት መዋያዎች በአብዛኛው የሚከፈቱት ነርሷ ሥራ ከገባች በኋላ ሲሆን፣ ትምህርት ቤት ደግሞ 9 ሰዓት አካባቢ ያልቃል። ሁለቱም ወላጆች ሠራተኞች ለሆኑ የሚሰጠው ተጨማሪ ነጻ የመዋያ ሰዓት «የመንግሥት ድጎማ የማያገኝ» የሚል ቪዛ ለያዙ አይፈቀድም፤ በእንግሊዝ ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጆች የሚሰጠው የሳምንት 15 ሰዓት ብቻ ለሁሉም ነው። ስለዚህ በፊሊፒናውያኑ ቤት ባልየው በአገሩ መሐንዲስ ወይም መርከበኛ የነበረ ቢሆን እንኳ የእንክብካቤ ቤት ወይም የመጋዘን ሥራ ይዞ፣ እርሷ ቀን ስትገባ እርሱ ሌሊት ይገባል፤ ባልና ሚስት በር ላይ እየተላለፉ ይኖራሉ። ሁለትና ሦስት ቤተሰብ በአንድ ሠፈር ተከራይቶ ሽፍት እየተቀያየረ የሌላውን ልጅ ከትምህርት ቤት ማምጣትም የተለመደ ነው። አያትን ማምጣት እንዳያስቡ፤ ወላጅ ከቤተሰብ አይቆጠርም፣ በጎብኚ ቪዛም የሚቆየው ቢበዛ 6 ወር ነው። ይህን ከባለቤትዎ ጋር ሳይደብቁ ይነጋገሩበት። ሐዋሳ ላይ የተከበረ ሥራ ያለው ሰው ሲመጣ የመጀመሪያው ዓመት የሚከብደው ከነርሷ ይልቅ እርሱን ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ሁኔታ ልምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያ እጥረት የጸናባቸውን 55 አገሮች በ2023 ዘርዝሯል፤ ኢትዮጵያ በዝርዝሩ ውስጥ ስትሆን ፊሊፒንስ የለችበትም። በዚህ ምክንያት የእንግሊዝ ሆስፒታሎችና ኤጀንሲዎች ማኒላ ሄደው ቃለ መጠይቅ ሲያደርጉ፣ ኢትዮጵያ መጥተው እንዳይመለምሉ የራሳቸው የሥነ ምግባር ደንብ ይከለክላቸዋል። እገዳው በመልማዩ ላይ ነው፤ ነርሷ በራሷ ተነሣሽነት የወጣ ክፍት የሥራ ቦታ አይታ ማመልከት ትችላለች። ስለዚህ የእርስዎ መንገድ ኤጀንሲ የሌለበት፣ በኤንኤችኤስ (የእንግሊዝ የመንግሥት ጤና አገልግሎት) የሥራ ማስታወቂያ ገጽ ላይ በቀጥታ የሚያመለክቱበት ነው። ባልደረባዎን የሸኛት መሥሪያ ቤት የሠራላትን ወረቀት ሁሉ እርስዎ ለብቻዎ ይሠራሉ ማለት ነው፤ ይረዝማል፣ ነገር ግን ይቻላል።

የሚጀመረው ከእንግሊዝኛ ፈተና ነው። አይኤልቲኤስ ከመረጡ በማንበብ፣ በማዳመጥና በመናገር 7፣ በመጻፍ 6.5 ይጠየቃል፤ ብዙ ነርሶች የሕክምና ይዘት ያለውን ኦኢቲ የሚመርጡት ከሥራቸው ጋር ስለሚቀራረብ ነው። ከዚያ የነርሶችና የአዋላጆች ምክር ቤት የትምህርትና የሙያ ፈቃድ ማረጋገጫ ከኢትዮጵያም ከሳዑዲም ይፈልጋል፤ ለቪዛው ደግሞ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ ለ12 ወርና ከዚያ በላይ ከኖሩበት አገር ሁሉ ከወንጀል ነጻ የመሆን ማስረጃ ይጠየቃል። የሳዑዲውን ኢቃማዎ ሳይቃጠልና የመጨረሻ መውጫ ሳይመታልዎ ያውጡ፤ አዲስ አበባ ገብቶ እርሱን ማስፈለግ ትልቅ ጣጣ ነው።

ባልደረባዎ ያላጋጠማት፣ እርስዎን ግን የሚያጋጥም አንድ የቤተሰብ ወረቀት ችግር አለ። እነርሱ ባል፣ ሚስትና ልጅ በአንድ የቤተሰብ ስም ይጠራሉ። የእኛ ቤት ግን ሚስት በአባቷ፣ ባል በአባቱ፣ ልጆች በእርሱ ስም ስለሚጠሩ፣ ፓስፖርቶቻችሁ ብቻ ቢታዩ አንድ ቤተሰብ መሆናችሁን የሚናገር ነገር የለም። ይህን የሚያያይዙት ከወሳኝ ኩነት የሚወጡት የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀቶች ናቸው፤ ተተርጉመውና ተረጋግጠው ይቅረቡ። በእነዚህ ላይ የስምዎ የእንግሊዝኛ ፊደል ከፓስፖርቱ ጋር በትክክል አንድ ይሁን፤ የልጆች የልደት ቀን ከእኛ አቆጣጠር ወደ አውሮፓውያኑ ሲለወጥ በአንድ ቀን እንኳ እንዳይዛነፍ ያመሳክሩ። ከኢትዮጵያ የሚነሡት ባልዎና ልጆችዎ ከተፈቀደለት ክሊኒክ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ማስረጃም ያስፈልጋቸዋል። ከሆስፒታልዎ የሚለቁት አዲሱ አሠሪ ለቪዛው የሚሰጥዎ የስፖንሰርነት ማረጋገጫ ቁጥር በእጅዎ ከገባ በኋላ ይሁን፤ ሲፈርሙም ቶሎ ብትለቂ ይህን ያህል ትመልሻለሽ የሚለውን አንቀጽ ሳያነቡ አይለፉ።

ጥያቄ፦ ዱባይ የምኖር ኢትዮጵያዊ ነኝ። አብራኝ የምትኖረው እጮኛዬ ፊሊፒናዊት ነርስ ስትሆን እንግሊዝ ቅጥር አግኝታለች። በአገሯ ያገባችው ሰው አለ፤ ከተለያዩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። እዚህ ተጋብተን እንደ ባሏ ልከተላት እችላለሁ? (ዳ.፣ ከዱባይ)

መልስ፦ በፊሊፒንስ ሕግ ከሙስሊሞች በስተቀር ለዜጎች ፍቺ የለም፤ ያለው በፍርድ ቤት ጋብቻውን የማፍረስ ረጅምና ውድ ክርክር ነው። የመጀመሪያው ጋብቻ በአገሯ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት መዝገብ ላይ እስካለ ድረስ ሌላ ቦታ «ያላገባች» ብላ ብትፈርም ሐሰት ነው፤ ጋብቻውም ዋጋ የለውም፣ እርሷንም ለክስ ያጋልጣል። ሆኖም የእንግሊዝ ቪዛ ያልተጋባ የሕይወት አጋርንም ይቀበላል። የሚጠየቀው እንደ ባልና ሚስት ያለ ግንኙነታችሁ ቢያንስ 2 ዓመት የሞላው መሆኑና የቀደመው ትዳር በእውነት ያበቃ መሆኑ ነው። ሁለታችሁም የተጠቀሳችሁበትን የኢጃሪ (በዱባይ የተመዘገበ የቤት ኪራይ) ውል፣ የጋራ ወጪ የሚታይባቸውን የባንክ መግለጫዎችና የመብራት ደረሰኞች ከአሁኑ ሰብስቡ፤ እርሷም በቅጹ ላይ የጋብቻ ሁኔታዋን እንዳለ ትጻፍ።